‹ቨርሚፊውጅ›፦ ትልን ማሸሽና ትልን መግደል

በእንግሊዝኛ የሕክምና መጻሕፍት ውስጥ አልፎ አልፎ የሚገኝ፣ ዛሬ ግን ከሐኪም አፍ የማይሰማ አንድ ቃል አለ፤ ይኸውም ‹ቨርሚፊውጅ› የሚለው ነው። መዝገበ ቃላት ቢገለጥ ትርጉሙ ባጭሩ «የአንጀት ትልን የሚያስወጣ መድኃኒት» ሆኖ ይገኛል። ነገሩ በዚህ የሚያበቃ ቢሆን ኖሮ የመጽሔቱን ገጾች ማጣበብ ባላስፈለገ ነበር። ይሁን እንጂ ቃሉን እስከ ሥሩ ተከትሎ ለሚወርድ ሰው፣ እኛ ሐኪሞችና የጤና ጽሑፍ አዘጋጆች በአማርኛ ስንጽፍ ከመንገድ የጣልነው አንድ ቁም ነገር ይታየዋል። የጣልነውም የቋንቋ ጌጥ አይደለም፤ ጉድለቱ በተመላላሽ ሕክምና ክፍል፣ በታካሚው ላይ የሚታይ ነው።

‹ቨርሚፊውጅ› ከሁለት የላቲን ቃላት የተገጠመ ሲሆን ወደ እንግሊዝኛ የገባው በፈረንሳይኛ በኩል ነው። የመጀመሪያው ክፍል ‹ቬርሚስ› ትል ማለት ነው፤ ከእንግሊዝኛው ‹ዎርም› ጋርም በሩቁ የአንድ ዘር ተወላጆች ናቸው። የዚህ ቃል ዝርያዎች በሕክምና ትምህርት ውስጥ ተበትነው ይገኛሉ። የሴሬቤለም መካከለኛ ክፍል ‹ቬርሚስ› ይባላል። እኛ ‹ትርፍ አንጀት› የምንለውን የላቲኑ ስም «ትል መሰል ተቀጥላ» ይለዋል። የላቲኑ መልኩን አይቶ ዝም ሲል የአማርኛው ግን ትርፍ ነው ብሎ ፈርዷል፤ ፍርዱ የቸኮለ ስለመሆኑ ሌላ ጊዜ መከራከር ይቻላል። በጣሊያንኛ ‹ቬርሚቼሊ› የሚባለው ቀጭን ፓስታም ቢተረጐም «ትናንሽ ትሎች» ማለት ነው፤ ይህን በምሳ ሰዓት ማንሳት ግን ተገቢ አይሆንም።

ክርክሩ ያለው በሁለተኛው ክፍል ላይ ነው። በላቲን ‹ፉጌሬ› ማለት መሸሽ፣ ‹ፉጋሬ› ማለት ማሸሽ ነው። አውሮፓዊው ተማሪ ይህን ልዩነት ለመያዝ የሰዋስው ሰንጠረዥ መሸምደድ ይኖርበታል፤ አማርኛ ተናጋሪ ግን ሸሸና አሸሸ፣ ወጣና አስወጣ እያለ ያደገ በመሆኑ ወዲያው ይገባዋል። አሳሳቹ ነገር ሁለቱም ግሦች ወደ እንግሊዝኛ ሲገቡ ‹ፊውጅ› በሚል አንድ መድረሻ መጠቅለላቸው ነው። በቤተ ሙከራችን የሚሽከረከረው ሴንትሪፊውጅ «ከማዕከል የሚሸሽ» ማለት ነው፤ ቨርሚፊውጅ ግን «ከትል የሚሸሽ» ሳይሆን «ትልን የሚያሸሽ» ነው። ሰገራውን በሴንትሪፊውጅ አዙረን የትል እንቁላል እንፈልጋለን፤ ሲገኝ ደግሞ ትሉን የሚያሸሸውን እናዛለን። እንዲህ ሲሆን ሁለቱ ግሦች በአንድ ታካሚ ካርድ ላይ ይገናኛሉ። ስደተኛን ‹ሬፊውጂ› የሚያሰኘው፣ በአእምሮ ሕክምናም ሰው ማንነቱን ዘንግቶ ከቤቱ ርቆ የሚጓዝበትን ሁኔታ ‹ፊውግ› የሚያሰኘው ይኸው የሽሽት ሥር ነው።

ከዚሁ ቤተሰብ ‹ፌብሪፊውጅ› የሚባል ሌላ ቃል አለ፤ ትኩሳትን የሚያሸሽ ማለት ነው። ‹ፊቨርፊው› የተባለው የአውሮፓ የአበባ መድኃኒት ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት እንግሊዝ ትገዛት በነበረችው ሕንድ ከሲንኮና ቅርፊት የሚዘጋጅ የወባ መድኃኒት ‹ሲንኮና ፌብሪፊውጅ› ተብሎ ይታደል ነበር። ላቬራን የወባን ተሕዋስ በደም ውስጥ ያየው እ.ኤ.አ. በ1880 ሲሆን ‹ትኩሳት አሸሽ› የሚለው አጠራር ከዚያ እጅግ የቀደመ ነው። መድኃኒቱ ተሕዋሱን የሚገድል መሆኑን ዛሬ እናውቃለን። የዚያ ዘመን ሐኪም ግን ያየው ትኩሳቱ መሸሹን ስለነበር ያየውን ብቻ ተናገረ። የ‹ፊውጅ› ስሞች ሁሉ ጠባይ ይህ ነው፤ በአልጋው አጠገብ የታየውን ይመሰክራሉ እንጂ በማይታየው ቦታ ስለተፈጸመው ነገር ቃል አይሰጡም።

የተቃራኒው ወገን ስም ‹ቨርሚሳይድ› ነው። ‹ሳይድ› የሚለው መድረሻ ‹ካይዴሬ› ከሚለው የላቲን ግስ የመጣ ሲሆን መቁረጥ፣ መትቶ መጣል፣ መግደል ማለት ነው። የቀድሞ የመድኃኒት መማሪያ መጻሕፍት ሁለቱን ለይተው ያስተምሩ ነበር። ቨርሚፊውጅ ትሉን አድክሞና አላቆ በሰገራ እንዲወጣ የሚያደርግ ሲሆን ቨርሚሳይድ እዚያው ባለበት የሚገድል ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ አይደለም። ፒፐራዚን የወስፋትን ጡንቻ ያልፈሰፍሰዋል፤ ወስፋቱ አንጀት ውስጥ ተወጥሮ መቆየት ስለማይችል የአንጀቱ እንቅስቃሴ ጠርጎ ያወጣዋል። ፓይራንቴል በአንጻሩ ጡንቻውን በማኮማተር ሽባ ያደርገዋል፤ ፍጻሜው ግን ያው ነው። እነዚህ በቃሉ ጥብቅ ትርጉም አሸሾች ናቸው። አልቤንዳዞልና ሜቤንዳዞል ደግሞ ትሉ ስኳር መሳብ ተስኖት ቀስ በቀስ እንዲሞት ያደርጋሉ። ኒክሎሳማይድ የኮሶን ራስና ከራሱ ቀጥሎ ያለውን ክፍል ሲነካ ይገድላል፤ የሞተውም አካል ከመውጣቱ በፊት በከፊል ይፈጫል። በመሆኑም ከመድኃኒቱ በኋላ ሰገራ ውስጥ የኮሶ ራስ ቢፈለግ ላይገኝ ይችላል። ፕራዚኳንቴልም በዚህ ረገድ ከኒክሎሳማይድ የተለየ አይደለም።

እንግሊዝኛው ራሱ ዛሬ ይህን ልዩነት ትቶታል ለማለት ይቻላል። በሁለቱም ፈንታ የገባው ‹አንትሄልሚንቲክ› የሚለው ከግሪክ የመጣ ቃል ሲሆን «ትልን የሚቃወም» ማለት ነው። (በነገራችን ላይ በተማሪዎች የምርምር ጽሑፎች ‹አንቲሄልሚንቲክ› እየተባለ የሚጻፈው በግሪኩ የአገጣጠም ሕግ ስሕተት ነው፤ የመጀመሪያው ቃል መጨረሻ ያለው አናባቢ ተውጦ መቅረት ነበረበት።) የግሪኩ ቃል መልካም ጐን አለው፤ አሸሽንም ገዳይንም በአንድ ጥላ ሥር ያስጠልላል። ጉዳቱም ይኸው ነው፤ መድኃኒቱ ከትሉ ጋር ጠበኛ መሆኑን እንጂ ጠቡ በምን እንደሚያልቅ አይነግረንም።

እንግዲህ ይህ ሁሉ የላቲንና የግሪክ ጉዳይ ወደ አዊ ዞን የሚያደርሰን በአንድ የከተማ ስም በኩል ነው። ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ አድርጎ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደውን መንገድ የተጓዘ ሁሉ የዞኑን ዋና ከተማ እንጅባራን ያውቃታል፤ መንገዱ አልፏት ወደ ዳንግላ ይቀጥላል። ይህችን እንጅባራ ቀደም ያለው ሰው የሚጠራት ኮሶበር እያለ ነው፤ አሁንም ድረስ ይህን ስም የማይለቁ ብዙዎች ናቸው። በጎጃም የቦታ ስሞች ውስጥ ‹በር› መተላለፊያ እንደሆነ ይታወቃል። ኮሶ ደግሞ በደጋ የሚበቅለው ታላቅ ዛፍ ነው፤ 2500 ሜትር ገደማ ከፍታ ያላትና ዝናብ የማይለያት ከተማ የኮሶ በር ብትባል የሚያስደንቅ አይሆንም። ዛሬ በአካባቢው ተራራና ማሳ ላይ ዓይን የሚሞላው ለከሰል የሚተከለው ዲከረንስ ነው፤ ኮሶ ግን በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርና በየጥጋጥጉ ተፈልጎ የሚገኝ ሆኗል።

የአውሮፓ ዕፅ ተመራማሪዎች ይህን ዛፍ ለመሰየም ብዙ ደክመዋል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ከእንጅባራ ብዙም በማይርቀው በግሽ ዐባይ የተገኘው ጄምስ ብሩስ፣ በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ዛፉን በወዳጁ በጆሴፍ ባንክስ ስም ‹ባንኬሲያ› አለው። በ1791 ግሜሊን ኮኒግስበርግ ለነበረው የመድኃኒት ሊቅ ለሃገን መታሰቢያ ‹ሃጌኒያ› አለው፤ ጸንቶ የቀረውም ‹ሃጌኒያ አቢሲኒካ› የሚለው ነው። በ1824 ደግሞ ኩንት፣ የአበባውን ጠቃሚነት በቁስጥንጥንያ ሆኖ ለሰማውና ለአውሮፓ ላስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ለብራየ ክብር ‹ብራዬራ አንትሄልሚንቲካ› ብሎት ነበር። ሦስት ስም፣ ሦስት የውጭ ሰው። ዛፉን ያወቀውና የተጠቀመበት ሕዝብ ስም በመድኃኒት መደብሩ ዕቃ ላይ ‹ኩሶ› ተብሎ ተርፏል፤ በዚሁ ስም በ19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓ ፋርማኮፒያዎች ውስጥ ገብቶ ነበር።

አማርኛችን ግን ከእነዚህ ሁሉ የተለየ መንገድ ተከትሏል። ትሉም ኮሶ ነው፣ ዛፉም ኮሶ ነው፣ የሚጠጣውም ኮሶ ነው። ሰው ኮሶ ይይዘዋል፣ ኮሶ ይታይበታል፣ ኮሶ ይጠጣል፣ ከዚያም ኮሶ ይወጣለታል። ላቲን ትልን በአንድ ቃል፣ ማሸሽን በሌላ ቃል ጠርቶ ሲያጋጥም እኛ በሽታውንና መድኃኒቱን በአንድ ስም ጠርተን ልዩነቱን ለግሡ ተውንለት። መያዝ፣ መታየት፣ መጠጣት፣ መውጣት፤ ሕመሙ ከአሐዱ እስከ ፍጻሜው በእነዚህ አራት ግሦች ይነገራል። የመጨረሻውን ግስ አንባቢ ልብ ይበል፤ ሞተለት አይባልም፣ ወጣለት ነው። በአማርኛ የኮሶ ሕክምና ፍጻሜ መውጣት ነው፤ ይህም በትክክል የ‹ፉጋሬ› ትርጉም ነው።

ሕዝቡ ግሡን ያለ ምክንያት አልመረጠም። የሴቴው ዛፍ አበባ ደርቆና ተወቅጦ በባዶ ሆድ ሲጠጣ ሆድን እየቆረጠ ያስቀምጣል፤ ኮሶ የጠጣ ሰው በዚያን ቀን ከቤት አይወጣም፣ እንግዳም አይቀበልም ነበር። ኮሶው ክንድና ክንድ ሆኖ ሲወጣ በዓይን ይታያል። በአበባው ውስጥ የሚገኙት ኮሶቶክሲንና መሰሎቹ በኬሚስትሪ ወገናቸው ፍሎሮግሉሲኖል ሲሆኑ፣ አውሮፓውያን ለዚሁ ጉዳይ ይጠቀሙበት ከነበረው ከወንዴ ፈርን ንጥረ ነገር ጋር ዘመድ ናቸው። የዚህ ወገን መድኃኒቶች ሥራ የትሉን ጡንቻ አስንፈው ከአንጀት ግድግዳ ማላቀቅ ነው። ይሁንና ብዙ ጊዜ ሰውነቱ ተበጥሶ ይወጣና ራሱ ይቀራል። ራሱ የቀረ ኮሶ በጥቂት ወራት ውስጥ መልሶ ያድጋል። የጥንት ተጓዦች ኢትዮጵያውያን በየወሩ ወይም በየሁለት ወሩ ኮሶ ይጠጡ እንደነበር ጽፈዋል፤ ጥሬ ሥጋ መብላት አዲስ ኮሶ ማምጣቱ እርግጥ ቢሆንም፣ እንዲህ ያለው ተደጋጋሚ ልማድ አሮጌው ኮሶ ራሱን ቀብሮ መቅረቱንም የሚጠቁም ነው።

በዚህ ምክንያት በአንድ የተከበረ ጽሑፍ ርዕስ ላይ ቅሬታ ማቅረብ ግድ ይሆንብናል። እውቁ የታሪክ ተመራማሪ ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 ስለ ኢትዮጵያ ባህላዊ የኮሶ መድኃኒቶች ባሳተሙት ጥናት ርዕስ ላይ የመረጡት ቃል ‹ቴኒሳይድ›፣ ማለትም «ኮሶ ገዳይ» የሚለው ነው። የጥናቱ ዋጋ አያከራክርም። ቃሉም በዘመኑ በእንግሊዝኛ የተለመደ ስለነበር የእርሳቸው ብቻ አይደለም። ነገር ግን መድኃኒቱን የሚጠጣው ሕዝብ አስወጣሁት እያለ፣ መድኃኒቱም ራሱን ሳይገድል እየተወ፣ ርዕሱ ገደለው ማለቱ ከማስረጃው አንድ እርምጃ ቀድሞ መሄድ ነው። በዚያው ዓመት በኢትዮጵያ ሜዲካል ጆርናል ላይ በኮሶ መመረዝ ሳቢያ ስለሚደርስ የዓይን ጉዳት የሚያወሳ ጽሑፍ ወጥቷል። የወንዴ ፈርንም ቢሆን በአውሮፓ የዓይን ነርቭ ጐድቶ ሰው አሳውሯል። ሁለቱ ጽሑፎች ጐን ለጐን ቢቀመጡ፣ አንደኛው ኮሶን ገዳይ ይለዋል፤ ሌላኛው ደግሞ ጉዳቱ በማን ላይ እንደወደቀ ይነግረናል።

ወደ ራሳችን ጽሑፎች እንመለስ። በዘመናችን የአማርኛ የጤና ጽሑፍ ለእነዚህ መድኃኒቶች የሚሰጠው ስም «ፀረ ትል» የሚል ነው። ‹ፀር› በግእዝ ጠላት ማለት ሲሆን ስሙ «የትል ጠላት» እንደማለት ነው፤ የግሪኩ ‹አንቲ› ቀጥተኛ ምትክ ሆኖ ገብቷል። ‹ፀረ› ዛሬ የማይገባበት የለም። ፀረ ወባ፣ ፀረ ተባይ፣ ፀረ አረም፣ ፀረ ሰው ፈንጂ፣ ፀረ ሙስና እንላለን። ለመሥሪያ ቤት ታፔላ ይህ ቃል በቂ ሊሆን ይችላል። ለታካሚ ግን ምን ይነግረዋል? ገበሬው ‹ፀረ› የሚለውን ቃል ከሁሉ አስቀድሞ የሚያውቀው የራስ ቅል ሥዕል ከተለጠፈበት የመርጫ ጠርሙስ ላይ ነው። በተረፈ ቃሉ ስለ መድኃኒቱ ጠባይ ባዶ ነው። አሸሹን ፒፐራዚንንና ገዳዩን ኒክሎሳማይድን በአንድ ስም ጠርቶ ያልፋል፤ በአማርኛ ደግሞ እንደ እንግሊዝኛው ከጀርባው የቆየ የቃላት ታሪክ ስለሌለው ልዩነቱን የሚያስታውስ አንባቢ እንኳ አይገኝም።

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአዊ ዞን በሠራባቸው ዓመታት ይህ ባዶነት ሲያስከትል ያየው ነገር አለ። የኮሶ ክኒን የታዘዘለት ታካሚ፣ በተለይም በዕድሜ የገፋው፣ በሳምንቱ ተመልሶ ይመጣል። «ክኒኑንስ እንዳላችሁኝ አኝኬ ዋጥሁት፤ ኮሶው ግን አልወጣልኝም» ይላል። ከዚያ በኋላ የታየበት ነገር እንዳለ ሲጠየቅ ምንም እንዳልታየበት ይናገራል። በሐኪሙ ዓይን መድኃኒቱ ሠርቷል፤ በታካሚው ዓይን ግን አልሠራም፤ ምክንያቱም ሲጠብቅ የነበረው መውጣትን ነው። ሐኪሙ በሚያውቀው ግስ ‹ገደለ›፣ ታካሚው በሚያውቀው ግስ ‹አስወጣ›፣ ወረቀቱ ላይ ያለው ደግሞ ግስ አልባው ‹ፀረ› ነው። ሦስቱ ካልተገናኙ ታካሚው ወዴት እንደሚሄድ ለመገመት አያዳግትም። የመንግሥት መድኃኒት ከሸፈ ብሎ ወደሚያውቀው ይመለሳል፤ ኮሶውን ወይም እንቆቆውን ወቅጦ ይጠጣል። ሆዱ ውስጥ ኮሶ የሌለ ሰው ለሌለ ኮሶ መራራ ዋጋ ይከፍላል። ነፍሰ ጡር ከሆነች አደጋው ከእርሷም ያልፋል። መጠኑ በእፍኝ የሚለካ መድኃኒት መሆኑም መዘንጋት የለበትም።

ተመሳሳይ ግራ መጋባት በትምህርት ቤቶችም ይታያል። እ.ኤ.አ. በ2015 በአገር አቀፍ ደረጃ የትምህርት ቤት ሕፃናት የትል መድኃኒት እደላ ከተጀመረ ወዲህ ብዙ ሕፃናት አልቤንዳዞል ወይም ሜቤንዳዞል ወስደዋል። ወስፋት የወጣለት ልጅ እናት ትደሰታለች፤ ምንም ያልታየበት ልጅ እናት ደግሞ መድኃኒቱ ለልጇ አልሠራም ትላለች፤ መንጠቆ ትል ግን ቢወጣም በዓይን ተለይቶ የሚታይ ትል አይደለም። ከዚህም በላይ ያ ነጠላ ክኒን ለኮሶ ታስቦ የተሰጠ አለመሆኑን የሚያውቅ ወላጅ ጥቂት ነው፤ «የትል መድኃኒት ወስዷል» ከተባለ ኮሶም ትል ነውና።

በአዊ ላይ ሌላ ተጨማሪ ነገር አለ። የብዙ ታካሚዎች የአፍ መፍቻ ቋንቋ አውንጂ ሲሆን አማርኛ ለብዙዎች ሁለተኛ ነው፤ ለአንዳንድ አረጋውያን ደግሞ የገበያ ቋንቋ ብቻ ነው። በምርመራ ክፍል ውስጥ አስተርጓሚ የሚሆነው ብዙ ጊዜ አብሮ የመጣ ልጅ ወይም የልጅ ልጅ ነው። አሁን የመድኃኒቱ ስም የሚያደርገውን ጉዞ እንመልከት። ከግሪክ ወደ እንግሊዝኛ፣ ከእንግሊዝኛ ወደ ግእዝ ቀመስ አማርኛ፣ ከዚያም በአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ አፍ ወደ አውንጂ። «ፀረ ትል» የሚለውን ልጁ ምን ብሎ ይተርጉመው? በዓለም ላይ ያለ ቋንቋ ሁሉ መግደልን የሚገልጽ ግስ አለው፤ ማስወጣትን የሚገልጽ ግስም አለው። ግሪክን የሚተካ ባዕድ መነሻ ግን የሁሉም ቋንቋ ሀብት አይደለም። ለልጁ ግስ ብንሰጠው ኖሮ ሳይሳሳት ለአያቱ ባደረሰ ነበር።

አንዳንዶች የሚያቀርቡት መፍትሔ የውጭውን ቃል እንዳለ መውሰድ ነው። የላቲን ቃል በገበሬ አፍ አይገባም የሚል ሰው እንጅባራ ሄዶ ይስማ። ‹ዲከረንስ› ላቲን ነው፤ «ወደ ታች የሚሮጥ» ማለት ነው፤ የቅጠሉ መሠረት በግንዱ ላይ ቁልቁል መውረዱን አይተው የዕፅ ሊቃውንት ያወጡት ስም ነው። በፋግታ ለኮማ የሚኖር ከሰል አክሳይ ቃሉን ከማናችንም በተሻለ አንደበት ይጠራዋል፤ ዋጋውንም ያውቃል። ስለዚህ ባዕድነት ብቻውን እንቅፋት አይደለም። ልዩነቱ ዲከረንስ በዓይን የሚታይ፣ የሚቆረጥና የሚሸጥ ዛፍ መሆኑ ነው፤ ስሙ ምንም ባይናገርም ዛፉ ራሱ ይናገራል። መድኃኒቱ ግን ሥራውን የሚሠራው ማንም በማያየው ቦታ ነው። በማይታይ ቦታ ለሚሠራ ነገር ስሙ ካልተናገረለት ሌላ የሚናገርለት የለም። ‹ኒክሎሳማይድ› የሚለውን ታካሚው ቢሸመድደው እንኳ ኮሶው ለምን እንዳልወጣ አያስረዳውም።

ይህ ጸሐፊ አዲስ ቃል ፈጥሮ ለማጽደቅ አልተነሳም። ግእዝ አገላብጦ ‹ሰዳዴ ትል›፣ ‹ቀታሌ ትል› ማለት ቀላል ነው፤ ለመጽሔት ይጠቅም ይሆናል፣ ለዳንግላ መድኃኒት ቤት መስኮት ግን አይጠቅምም። በእጃችን ያሉት ተራ ግሦች ይበቃሉ። ወረቀቱ ላይ «የኮሶ መግደያ»፣ ለፓይራንቴልና ለመሰሉ ደግሞ «የወስፋት ማስወጫ» ብንል ላቲኑ በሁለት ቃላት የለየውን እኛም እንለያለን። «ፀረ ትል» በመማሪያ መጻሕፍትና በዕቃ ግዢ ዝርዝር ላይ ሁሉንም በጅምላ ለመጥራት ይቆይ፤ እዚያ ጉዳት የለውም።

በዚህ አሳብ ላይ አንድ ባልደረባ ያነሡት ተቃውሞ ሊናቅ የሚገባው አይደለም። «መግደያ» ብለን ስንጽፍ ታካሚው «ሞቶ ሆዴ ውስጥ ሊበሰብስ ነውን?» ብሎ ይፈራል የሚል ነው። እውነት ነው፣ ይፈራል፤ ይጠይቃልም። ነገር ግን ይህ ጥያቄ ሊመለስ የሚችል ጥያቄ ነው። ኮሶ ቢሞት ከበላነው ሥጋ የሚለይበት ነገር የለም፤ አንጀት ሥጋውን እንደሚፈጭ ኮሶውንም ይፈጨዋል፣ የተረፈውም ሳይታወቅ ከሰገራ ጋር ይወርዳል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ለመንገር ከግማሽ ደቂቃ በላይ አይፈጅም፤ አስተርጓሚው ልጅም በቀላሉ ያደርሰዋል። «ፀረ ትል» ሲባል ግን ታካሚው አይጠይቅም። ዝም ብሎ ተቀብሎ ይሄዳል፣ ቤቱ ገብቶም ሰገራውን እየመረመረ ይጠብቃል።

ለታካሚው አብሮ ሊነገር የሚገባው ሌላው ነገር የመዳኑ ምልክት ነው። ኮሶው ሲወጣ መታየቱ ምልክት ካልሆነ ሌላ ምልክት ሊሰጠው ይገባል፤ አለዚያ የቀድሞውን ከእጁ ነጥቀን በምትኩ ምንም አልሰጠነውም። ምልክቱም በሦስት ወር ጊዜ ውስጥ በልብሱም ሆነ በሰገራው ላይ የኮሶ ቁራጭ ዳግመኛ አለመታየቱ ነው። ከታየ ግን ወይ ራሱ ተርፏል ወይም ከጥሬ ሥጋ አዲስ ገብቷል ማለት ስለሆነ፣ ወደ ኮሶው ዛፍ ሳይሆን ወደ ጤና ጣቢያው ይመለስ።